አያቱ ዝም ያሉባቸው ዓመታት

ሐኪሙ የአራት ዓመቱን ቢሻውን ሲያጫውተው ቆይቶ ወደ አባቱ ዞረ። «ልጁ ጤነኛ ነው። በሕክምና ርዳታ የተፀነሱ ልጆች እስካሁን በተጠናው መሠረት አብዛኞቹ አእምሯቸው እንደ እኩዮቻቸው ነው የሚያድገው።»

«ሁለት ቋንቋስ?» አለ ይኸነው። «እንዳይደናገርበት ብዬ አገውኛ አላሰማውም።»

«ማነው እንዲህ ያለህ? ሁለት ቋንቋ ልጅን አያደናግርም።»

ማንም አላለውም። እሱና ሚስቱ ፋና አዲስ አበባ እየተመላለሱ፣ ለዘመድ ሳይናገሩ ነበር ልጁን ያገኙት። ከዚያ ወዲህ የልጁ ጭንቅላት በትንሽ ነገር የሚሰነጠቅ ይመስለው ነበር። እናቱ ወይዘሮ በቀለች ከገጠር ወደ እንጅባራ ሲመጡም፣ «በአማርኛ ብቻ አናግሪው» አላቸው። የእሳቸው አማርኛ ደግሞ ለገበያ እንጂ ለልጅ ልጅ አይበቃም። ስለዚህ ሕፃኑን አቅፈው ዝም ይሉ ነበር።

ቅዳሜ ልጁን ይዞ በባጃጅ ወደ እናቱ ሄደ። እሳቸው ደጅ ተቀምጠው ድንች ይመርጣሉ። በአገውኛ አናገራቸው።

«እማዬ፣ ከእንግዲህ በቋንቋሽ አውሪው።»

«ምነው፣ ከተሜው ልጅህ ዛሬ ተፈቀደልኝ?»

ይኸነው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ሕክምናውንም ፍርሃቱንም ነገራቸው። በቀለች የያዙትን ድንች አስቀመጡ።

«እኔ እኮ ያፈርክብኝ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ጎረቤቶቼ ‹የልጅ ልጅሽ ለምን አያዋራሽም?› ሲሉኝ፣ አንተን እንዳያሙብኝ ብዬ ‹አፉን አልፈታም› አልኳቸው። አሁን አገሩ ሁሉ ልጅህን ድዳ ነው የሚለው።»

ይኸነው ልጁ ጎዶሎ እንዳይባል ነበር የሚፈራው። የፈራውን ስም በገዛ እጁ ለልጁ አውጥቶለታል።

ቢሻው አጥሩ ሥር የታሰረውን ፈረስ እያየ ነበር። አያቱ ጠሩትና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት፤ ፈረሱን እያሳዩ፣ የልጁን ፀጉር እየዳበሱ፣ በአገውኛ ረጅም ነገር አወሩለት። ልጁ አፋቸውን ሲያይ ቆየና ወደ አባቱ ዞረ።

«አባዬ፣ እማማ ምን አለችኝ?»

ይኸነው ልጅ ሳለ እናቱ በእነዚሁ ቃላት ነበር የሚያባብሉት። ወደ አማርኛ ሊመልሳቸው ሞከረ፤ አልመጡለትም።

«ትወድሃለች ነው ያለችው።»

በቀለች ያን ያህል አማርኛ ይሰማሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያልኩት ይህን ብቻ አይደለም» አሉና ድንቻቸውን መምረጥ ቀጠሉ።