የአያ ክንዱ ግራ እግር

ሰጠኝ መካኒክነትን የተማረው ጣሊያን ጥሎት በሄደ ጋራዥ ውስጥ ነው። ጎንደር ላይ ማኪና ሲታመም «ሰጠኝ ይየው» ይባላል፤ እሱም «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ እንደ ወጣ፣ የሰሊጥ ነጋዴዋ የወይዘሮ እማዋይሽ ማኪና ወደ አምባ ጊዮርጊስ የሚያወጣው ዳገት ላይ ጉልበት ታጣ ጀመር። ማርሿን ራሷ የምትቀይር፣ ያረጀች የአሜሪካን ማኪና ናት። ሾፌሩ አያ ክንዱ ቤንዚን ሲረግጥ ታመነታለች፣ ትንገጫገጫለች፣ መጨረሻ ላይ ቀጥ ትላለች። ጥቂት አርፋ ስትነሣ ደግሞ ምንም እንዳልነካት ትጋልባለች።

ሰጠኝ ኮፈኑን ከፈተ። ካንዴላውን አየ፣ ካርቡራቶሩን ፈትቶ ነፋ። ደህና ነው። የቀረው ማርሹ ነው፤ እንዲህ ያለ ማርሽ ግን በእጁ ነክቶ አያውቅም። የጋራዡን በር ሰው ከቦታል፣ ወይዘሮ እማዋይሽም ቆመው ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ዐይኑ አያ ክንዱ እግር ላይ አረፈ።

«እትዬ፣ ማኪናዋ ጤነኛ ናት» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ይቺ በግራ እግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የላትም። አያ ክንዱ የጭነት ማኪና ልማዱ አልለቅ ብሎት ግራ እግሩን ፍሬን ላይ ጥሎ ነው የሚነዳ። በአንድ እግሩ እየነዳ በሌላው እየያዛት እንዴት ዳገት ትውጣ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ሃያ ዓመት ነድቻለሁ፤ እግሬ የት እንዳለ አላጣውም» አለ አያ ክንዱ። የሰማው የለም። በሳምንቱ ወይዘሮ እማዋይሽ ቁልፉን ተቀብለው ደሴ ለሚባል ሌላ ሾፌር ሰጡ።

ወር ሳይሞላ ማኪናዋ ደሴንም እዚያው መንገድ፣ ኮሶዬ ዳገት ላይ ገተረችው። በዚህ ጊዜ ሰጠኝ ራሱ፣ ብቻውን፣ ሊሞክራት ወጣ። ግራ እግሩን ወንበሩ ሥር አጥፎ ነዳ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ያው አመሏ ተነሣ፤ አመነታች፣ ተንገጫገጨች፣ ቆመች። ወርዶ የቤንዚኑን ቱቦ ቢፈታው ጠብ የሚል የለም። ሽቦ ሰድዶ ወደ ታንኩ ሲቆሰቁስ ግን ድንገት ተንዠቀዠቀ።

ጋራዡ ተመልሶ ታንኩን አወረደና ውስጡን በሽቦ ጎረጎረ። ቤንዚን የጠገበ ጨርቅ ተጎትቶ ወጣ። አረንጓዴ መደብ ላይ ቀይ አበባ፤ ከሚስቱ ከእናኑ አሮጌ ቀሚስ የተቀደደ። በሰኔ የታንኩን ዝገት ያጠበው እሱ ራሱ ነው፤ መወልወያውን ውስጥ ረስቶታል። ጨርቁ ዳገት ላይ እየተሳበ የቱቦውን አፍ ይደፍናል፤ ማኪናዋ ስትቆም ተመልሶ ይንሳፈፋል።

ፊቱ ነደደ። ያየው ሰው አልነበረም። «ታንኩ ዝጎ ነው» ቢል ማን ይጠይቀዋል? ጨርቁን ኪሱ ከተተና ሁለት ቀን ይዞት ዋለ። በሦስተኛው ቀን አያ ክንዱን ፍለጋ ወጣ።

ያገኘው ወፍጮ ቤት ደጃፍ ጆንያ ሲሸከም ነው። በሾፌርነት የሚቀጥረው ጠፍቷል። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ «ግራ እግር» ነው የሚለው።

«አያ ክንዱ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለና ጨርቁን አሳየው።

አያ ክንዱ ጆንያውን አውርዶ ጨርቁን አገላብጦ አየ። «ለኔ ምን ትነግረኛለህ? እግሬ እንዳላጠፋ እኔማ ዱሮም አውቃለሁ። ያን ቀን ለሳቀው ሰው ንገር።»

በማግስቱ ሰጠኝ ጋራዡ በር ላይ፣ ወይዘሮ እማዋይሽ ባሉበት፣ ጨርቁን ይዞ ቆመ። ጨርቁን ታንኩ ውስጥ የረሳው እሱ እንደ ሆነ፣ አያ ክንዱም ምንም እንዳላጠፋ ተናገረ። አንዱ ከኋላ፣ «የሚስትህ ቀሚስ ነው እንዴ?» ሲል ሳቁ እንደ ገና ፈነዳ። አሁን የሚሳቀው በእሱ ነው።

ወይዘሮ እማዋይሽ ግን አልሳቁም። «ምነው ሰጠኝ፣ አላውቅም ብትል ምን ነበረበት?» አሉት።

ያኑ ዕለት ራሳቸው ወፍጮ ቤት ሄደው ቁልፉን ለአያ ክንዱ መለሱ። ከዚያ ወዲህ አያ ክንዱ ማኪናዋን ለዘይት ሲያመጣ ሰላምታ አይነሳውም። ሥራው እስኪያልቅ ግን ከአጠገቡ ንቅንቅ አይልም፤ ሰጠኝም ቀና ብሎ «ምነው ቆምህ?» የሚልበት አፍ የለውም።