የቾድሪ ናዋብ ዲን ከረጢት

ባለርስቱ ቾድሪ ናዋብ ዲን ጉበታቸው መግል ይዞ ፓኪስታን፣ ሙልታን ከተማ ወዳለው ሆስፒታላችን ሲመጡ፣ ቀድሞ የገባው ወንበራቸው ነበር። ሌላ ሰው የተቀመጠበት ላይ አይቀመጡም። እኔም በአልትራሳውንድ እያየሁ ከጎድን አጥንታቸው ሥር መርፌ ሰደድኩ፤ በመርፌው መንገድ ቀጭን ቱቦ አስገባሁ፤ ቡናማው መግል ወደ ከረጢቱ ይንዠቀዠቅ ጀመር። ሴት ልጅ እንዲህ ትወጋለች እንዴ ብለው ተገረሙ።

ከረጢቱን ከአልጋው ጎን ዝቅ አድርጌ አንጠለጠልኩና፣ ከሰውነታቸው ከፍ እንዳይል ልጆቻቸውን አስጠንቅቄ ወጣሁ። አራቱም ጎልማሶች ራሳቸውን ነቀነቁ። መነቅነቅ ማንንም አያቅተውም።

በማግስቱ ትኩሳቱ አገረሸ። ከረጢቱ ባዶ ነው። ቱቦው ተዘግቶ ይሆናል ብዬ በጨው ውሃ አጠብኩት፤ ክፍት ነው። በአልትራሳውንድ ሳየው ግን መግሉ እንደገና ሞልቷል። ቀዶ ሐኪሙ ዛሬውኑ ካልፈሰሰ ሆዳቸውን እከፍታለሁ አለኝ። በዚያ ደካማ ልባቸው ከቀዶ ጥገና ይተርፋሉ ብሎ የገመተ አልነበረም። ፈራሁ።

መምጣቴን ሳላስታውቅ ተመልሼ ስገባ ጉዱ ታየኝ። ከረጢቱ ባለጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ግሉኮስ ማንጠልጠያው ጫፍ ላይ ተሰቅሏል። ነርሶቹ ባወረዱት ቁጥር ልጆቹ ይሰቅሉታል፤ እኔ ስመጣ ደግሞ ያወርዱታል። ከአባታችን አካል የወጣ ነገር ጠያቂ እግር ሥር እንዴት ይንከባለላል ሲል ታላቅየው አስረዳኝ። ስላልገባኝ ያዘነልኝ ይመስል ነበር።

ደሜ ፈላ። ለእነዚህ ስለ ፈሳሽ መውረድ ማስተማር ከንቱ ነው ብዬ ወደ አዛውንቱ ዞርኩ።

«ቾድሪ ሳሂብ፣ በአገሩ ከእርስዎ በላይ የሚቀመጥ አለ?»

«አልተወለደም።»

«ታዲያ ይሄ መግል ከትናንት ጀምሮ ከራስዎ በላይ ምን ይሠራል?»

ቀና ብለው አዩት። ፊታቸው በትኩሳትም በንዴትም ቀላ።

«አውርዱት። ማነው እላዬ ላይ የሰቀለው?»

ልጆቹ ተሽቀዳድመው አወረዱት። መግሉ ወዲያው መፍሰስ ጀመረ፤ እኔም እፎይ አልኩ። አዛውንቱ ግን ጥያቄያቸውን ደገሙት። አራቱም መሬት መሬቱን ያያሉ። ያኔ ከአልጋው ግርጌ የተቀመጠችው፣ በሰው ፊት ቃል መልሳላቸው የማታውቀው ሚስታቸው ባኖ ቢቢ ሻሿን አስተካከለች።

«ስቀሉት ያሉት እርስዎ ነዎት» አለቻቸው። «ይውረድ ብዬ ብለምንዎት፣ ዝም በይ አሉኝ።»