የስፖንጅ ድንጋይ

ቀላል ነበር ድንጋዩ… ስፖንጅ ነበር፣ ግራጫ ቀለም የተቀባ።

እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ቴአትሩ ሊያልቅ ሲል፣ አያልነህ ይሸከመዋል። የሚጫወተው ሙሽራውን ነው፤ በሠርጓ ዕለት በሐሰት ወንጅሎ ያዋረዳትን ሙሽሪት ይቅርታ የሚለምነውን። ድንጋዩን ጫንቃው ላይ አድርጎ ይንበረከካል። ሙሽሪቷን የምትጫወተው የውብዳር ዓይነ ርግቧን ትገልጣለች። «ይቅር ብዬሃለሁ፤ ድንጋዩን አውርድ» ትላለች። ሕዝቡ ያጨበጭባል… ኮሜዲ ነዋ!

ቀላል ነበር ድንጋዩ። ቀላል ነበረች ቃሏም፣ ደራሲው የጻፈላት ናትና።

ባለፈው ጥቅምት አያልነህ ለየውብዳር የእውነት ሽማግሌ ልኮ ነበር። አባቷ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጎረቤት ጠርተው፣ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። በዚያው ጠዋት አንድ ወሬኛ «ትናንት ከአንድ ሰውዬ ጋር ተቃቅፋ አየኋት» አለው። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል፤ እሱ ግን ቅናት ጨመረበት። ስልኩን አነሳ። አንዲት ቃል ተናገረ።

«ተመለሱ።»

ተመለሱ ሽማግሌዎቹ… ከደጅ፣ ጎረቤት እያየ። ተመለሱ አባቷም ወደ ቤት፣ አንገታቸውን ደፍተው።

ሰውዬው ለካ ወንድሟ ኖሯል፤ የእህቱን ሽማግሌዎች ሊቀበል ከደሴ የመጣ።

አያልነህ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ቴአትሩ ግን አልቆመም። ከመድረክ ሲወርዱ ሊያናግራት ያፍራል፤ እሷም አታናግረውም።

ስንዱና በልሁም አሉ። በቴአትሩ ውስጥ ሲነታረኩ የሚውሉት ሌሎቹ ፍቅረኞች ናቸው። ከመድረክ ውጪም ባልና ሚስት ናቸው፣ ያው ሲነታረኩ የሚውሉ። ያ ወሬኛ ስለ ስንዱም ለበልሁ ሹክ ብሎት ነበር። በልሁ ሳቀ። «የኔዋ ስንዱ? እኔን ሰድባ ሳትጨርስ ለሌላ ሰው ጊዜ ከየት ታመጣለች?» አለና ምሳውን በላ። አያልነህና የውብዳር ክፉ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም ነበር… አንድም ቀን። ይህን ሲያስበው ይብስ ያፍራል።

አንድ እሁድ፣ ልብስ በሚቀይሩበት ክፍል፣ ስንዱ የስፖንጁን ድንጋይ በአንድ እጇ አያልነህ ፊት አንጠለጠለችው።

«አንተ፣ ይህችን ልጅ ይቅርታ የጠየቅካት መቼ ነው? የተጻፈልህን አይደለም የምልህ፣ የራስህን።»

መስታወቱን እንኳ አፈረው።

በሚቀጥለው እሁድ ቀላል አልነበረም ድንጋዩ።

ከወንዝ ዳር ነበር ያመጣው… ጥቁር፣ ሸካራ። መድረክ ላይ እየተንገዳገደ ወጣ። ሕዝቡ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ላቡ እየወረደ ተንበረከከ። የተጻፈለትን ቃል ተወው።

«አባትሽን ደጅ ላይ አቁሜ ያዋረድኳቸው እኔ ነኝ» አለ፤ በዝግታ፣ እሷ ብቻ እንድትሰማው። «በድያለሁ፣ የውብዳር።»

ዓይነ ርግቧን ገለጠች። እጇን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች… የእውነት ድንጋይ ነበር።

ከዚያ በሁለት እጇ አቅፋ ከጫንቃው አወረደችው።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው በጆሮው። «ከልቤ ነው። ሽማግሌ ግን ዳግመኛ እንዳትልክ።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። መጋረጃው ተዘጋ።

በሳምንቱ እሁድ እንደ ልማዳቸው ተጫወቱ። እንደ ልማዱ ተሸክሞ ተንበረከከ፣ እንደ ልማዷ የተጻፈላትን አለች…

ከባድ ነበር ድንጋዩ። ስፖንጅ ነበር፣ ግራጫ ቀለም የተቀባ።