ቱቦው ላይ የተጫነው ስንዴ

አሰጋሽ ከመጋዘኑ ስትወጣ ሰዎቹ የስንዴ ጆንያ ከላንድሮቨሩ ወንበሮች በላይ በተተከለው የብረት ቱቦ ላይ ከምረው በጠፍር ሲያስሩት ደረሰች።

መኪናዋን ደሴ ድረስ ወስዳ ቱቦውን ያስበየደችው እሷ ናት። ባሏ ንጉሡ ኅዳር ላይ ይህችኑ መኪና እየነዳ ከመካነ ሰላም ወደ ቆላው የእርዳታ እህል ሲያወርድ ተገልብጣበት ሞተ። ከላይ የነበረው ሸራ ብቻ ነበር። መኪናዋ ተጠግና ስትመለስ አሰጋሽ የእሱን የእርዳታ ሥራ ተረክባ ነበር፤ ከወንበሮቹ ፊትና ኋላ ወፍራም የብረት ቅስት አስተከለች። ለምን እንደሆነ ለማንም አላወራችም።

«አውርዱት» አለች።

ከቆላው ሰው አስከትለው የመጡት ሽማግሌ፣ አያ አባተ፣ ዞር ብለው አዩዋት። ከመክሳታቸው የተነሳ ጋቢያቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቷል።

«እሜቴ፣ ይኼን የመሰለ ፖርቶመጋላ አሠርተው ባዶውን ሊሄድ?»

«ፖርቶመጋላ አይደለም፣ አያ አባተ።»

«እህል የማይሸከም ብረት ታዲያ ለጌጥ ነው?»

ሰዎቹ ሳቁ። ሾፌሩ ጀብሪልም ከመሪው ሥር ሆኖ፣ «ሬዲዮው የሚኒስትሮቹ ካቢኔ ወረደ ሲል ሰነበተ፤ ዛሬ ደግሞ ስንዴው ይውረድ ተባለ!» አለ። ሳቁ ባሰ።

አሰጋሽ እስኪያበቁ ጠበቀች። «ብረቱ መኪናዋ ብትገለበጥ ሰው እንዳይጨፈለቅ ነው። ከላይ ከጫናችሁበት ግን የሚገለብጣት እሱ ራሱ ነው።»

አያ አባተ የላይኛውን ጆንያ በመዳፋቸው ዳበሱ። «እውነትዎን ይሆናል። ግን ይኼ ከላይ ያለው የታችኛው ሰፈር ድርሻ ነው። ሌላ መኪና መቼ ይመጣል?»

ሌላ መኪና የለም። አሰጋሽ የታችኛውን ሰፈር ባለፈው ስትወርድ አይታዋለች፤ ከየደጁ ጭስ አይወጣም፤ ውሻ እንኳ አልጮኸባትም።

«ወላሂ፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» አለ ጀብሪል።

«ንጉሡም ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው።»

የባሏን ስም በሰው ፊት ስትጠራ ሰምተዋት አያውቁም። ጠፍሩን ይስብ የነበረው ሰውዬ እጁን አነሳ።

አሰጋሽ በሩን ከፍታ ቦርሳዋን አወጣች። «የእኔን ወንበር ንቀሉት። ጆንያውን እዚያ ወለሉ ላይ አስተኙት። የቀረውን ደግሞ ከኋላ፣ ሰው ሊቀመጥበት በነበረው ቦታ።»

«እርስዎስ?» አሉ አያ አባተ።

«በእግሬ።»

ጫማዋን አዩት። የከተማ ጫማ ነው። «ያንን ቁልቁለት?»

«እዚያው እንገናኛለን።»

ሽማግሌው ከኋላ ሊሳፈሩ ቃል ተገብቶላቸው ነበር። ዱላቸውን ከመኪናዋ ውስጥ ስበው አወጡ። «እንግዲያ አብረን ነን» አሉ። ሰዎቹ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ እያወረዱ ከታች አስገቧቸው፤ ቱቦው ባዶውን ቀረ። አያ አባተ መዳፋቸውን ዘርግተው መረቁ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሜን አለ።

መኪናዋ ቀድማ ወረደች። እነሱ ከኋላ ተከተሉ። ከመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ዝናብ መንገዱን ቦርቡሮታል፤ የግራው ጎማ ሲገባበት መኪናዋ ወደ ገደሉ ዘመመች። አሰጋሽ ቆመች። የቀኙ ጎማ ከመሬት ተነሳ፤ አፈሩ ተናደ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ የተኛው ጭነት ወደ ታች ጎተታትና ጎማው ተመልሶ መሬት ረገጠ።

«አለፈ» አሉ አያ አባተ።

ስለ ባሏ አልጠየቋት። ክንዳቸውን ሰጧት፤ ያዘችውና ቁልቁለቱን ተያያዙት።