ስድስቱ ገጾች

ሰባት ወር የለፋሁበትን የማስተማሪያ መጽሐፍ ኮሚቴው በሩብ ሰዓት ስብሰባ ሊያስቀድደኝ ነው። ሙሉውን አይደለም፤ ስድስት ገጽ ብቻ። ያለ ስድስቱ ግን የቀረው ለምንም አይሆንም።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በኪራይ አዳራሽ ምድር ቤት፣ እዚሁ ሰው አገር ተወልደው ላደጉ አሥራ ስምንት ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። አማርኛ አይሰሙም የሚል ካለ ዋሽቷል። መጀመሪያ ቀን "የምታውቁትን ሁሉ በሉ" ብያቸው ሰሌዳው ሞላ፦ ና፣ ብላ፣ ተነሥ፣ ጫማህን አውልቅ፣ ዝም በል። ሁሉም ትእዛዝ! ቤታቸው አማርኛ ወደ እነሱ ይመጣል እንጂ ከእነሱ አይወጣም። ስለዚህ ልጅ ለወላጁ የሚናገረውን በስድስት ገጽ ጻፍኩላቸው። "አሁን አልፈልግም።" "ሳታንኳኪ አትግቢ።" "ስትጮህብኝ ይከፋኛል።" ሁለት ሁለት ሆነው ሲለማመዱት ቤቱ በጫጫታ ሊፈርስ ደረሰ። ዓመቱን ሙሉ አፋቸውን ዘግተው የከረሙት ልጆች ሳይቀሩ ጮኹ። ወሬው ቤት ሲገባ ወላጆች አበዱ።

"እህቴ፣ ፊደል ይቁጠሩልን አልን እንጂ አፍ ይክፈቱብን አልን እንዴ?" አለኝ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ መጽሐፌን እንደ እርጥብ ካልሲ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ። "ልጄ ትናንት እራት ላይ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? 'አባዬ፣ እስክጨርስ ስማኝ!' እኔን!"

"በዚህ አገር ቋንቋ ሲሆንስ ምን ትልዎታለች፣ ጋሼ?"

"እሱ... እሱ ሌላ ነው። ቶሎ ቶሎ ስለምታወራ ግማሹ አይገባኝም።"

ደሜ ፈላ። "ታዲያ ያናደደዎት መናገሯ ሳይሆን መስማትዎ ነው!" አልኩት።

"አንቺ ልጅ፣ ረጋ በይ እንጂ" አሉኝ እትዬ፣ በዕድሜ ትልቋ የኮሚቴ አባል። እጅ ይውጣ ተባለ። አምስት ለዜሮ። እኔማ ድምፅም የለኝ።

ትምህርት ሊጀመር ስለሆነ ስድስቱን ገጾች ከየቅጂው እዚያው ፊታቸው መገንጠል ጀመርኩ። እትዬ ደግ ናቸው፤ ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ያቀብሉኛል። አራተኛው ላይ ስደርስ በሩ ተከፈተ። የሰብሳቢው ልጅ ናት፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷ። ኮሪደር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

"አባዬ፣" አለች። "ቲቸርን አትቆጣት። ያልኩህ እኔ ነኝ። ብዙ ነገር አለኝ... ልነግርህ። በአንተ ቋንቋ ልነግርህ ፈልጌ ነው።"

ቃል ስትፈልግ ሁለቴ ቆመች፤ ግን ጨረሰችው። ከልምምዱ ውጭ ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስት ቃል አከታትላ ተናግራልኝ አታውቅም። እንባዬ መጣ። አባትየው ጉሮሮውን ጠረገ፤ በቃ፣ አሁን ይመልስላታል ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።

መለሰላት። በዚህ አገር ቋንቋ፣ በተሰባበረችው፣ "መኪናው ውስጥ ጠብቂኝ" አላት።

ልጅቷ ትንሽ አየችው። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ሄደች።

"ውይ፣ አማርኛዋ እንዴት ያምራል!" አሉ እትዬ፣ አምስተኛውን ቅጂ እያቀበሉኝ።

እኔም፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ተቀብዬ ገነጠልኩት።