ሰባ ሁለት ሳንቲ ሜትር

ማናሴ ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት አንድ ቀን ሙሉ በልኬትና በሐሳብ ያሳልፋል። አዳማ ውስጥ በዚህ ጠባዩ የሚስቁበት የሙያ ጓደኞቹ ብዙ ናቸው። ልዩ የምትባል ሴት የመታጠቢያ ቤቷን እንዲያድስላት ስትጠራውም እንደ ልማዱ አደረገ። ሴራሚኩን ኮሪደሩ ላይ ደረደረና ከበሩ ፊት ለፊት ሙሉ ሙሉው እንዲያርፍ፣ የተቆረጠው ከበሩ ኋላ ጥግ ውስጥ እንዲደበቅ፣ ባለ አበባው ረድፍ ደግሞ በቆመ ሰው ዓይን ልክ እንዲውል አሰላ።

ልዩ ሞጆ ደረቅ ወደብ ትሠራለች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። እናቷ ካረፉ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አባቷን የጦረችው ብቻዋን ነው። አባቷ አቶ ዘካርያስ ጉልበታቸውን የጨረሱት በስምጥ ሸለቆ እርሻዎች ላይ ሲሆን፣ እዚያ ሠላሳ ዓመት የጠጡት ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ አጥንታቸውን አድርቆ ወገባቸውን አጥፎታል። ቀና ማለት አይችሉም። ማናሴም እንዲያ ያለ ውሃ ጠጥቶ ነው ያደገው። ጥርሱ በልዟል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ጠዋት ጠዋት አንገቱ አልዞር ይለዋል። ሽማግሌውን ባየ ቁጥር እጁ ወደ አንገቱ ይሄዳል።

የዚያን ቀን አቶ ዘካርያስ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው መጡ።

«አበባውን የት ልታደርገው ነው?»

«እዚህ ላይ አባባ፣ ዓይን የሚያርፍበት።»

«የኔ ዓይን እዚያ አይደርስም» ብለው ሳቁ። ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አበባውን ተወውና የምይዘው ብረት አድርግልኝ። ስታጠብ እግሬ ይከዳኛል፤ ሁለቴ ወድቄያለሁ። ለልጄ እንዳትነግራት።»

ማናሴ ባዶው ግድግዳ አጠገብ አቆማቸውና እጃቸው የሚያርፍበትን ለካ። ሰባ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነበር። በእርሳስ ምልክት አደረገ። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ፣ ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ቦታውን ከፍቶ በሲሚንቶ መሙላት ያስፈልጋል። ያለዚያ ብረቱ ሰው አይችልም።

ልዩ ማታ ከሞጆ ስትመለስ ምልክቱን አየች።

«ብረት? የለም፣ ሆስፒታል አታስመስልብኝ!» አለች። ከዚያ ለስለስ ብላ፣ «በሚመጣው ወር ሽማግሌ ይላክብኛል፤ በዚህ ዕድሜዬ ጠያቂ አገኘሁ። የሰውዬው ዘመዶች ገብተው ሲያዩ የበሽተኛ ቤት እንዲመስላቸው አልፈልግም። ከዚያ በኋላ ትገጥመዋለህ» አለችው።

«በኋላ ከሆነ እኮ ግድግዳው…» ብሎ ጀመረ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«እሺ» አለ።

በማግስቱ ምንም ሳይናገር ግድግዳውን ሊሞላው ይችል ነበር። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ግን የሌላ ቤት ሥራ እየጠበቀው ስለነበር ሴራሚኩን ምልክቱ ላይ ለጠፈበት።

በመጨረሻው ቀን አቶ ዘካርያስ ልሙጡን ግድግዳ በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ «ብረቱስ?» አሉት።

«በኋላ ይገጠማል አባባ።»

«ይሁን» አሉና ወደ ክፍላቸው ተመለሱ።

ማናሴ ሥራውን በጨረሰ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ልዩ ሥራ ላይ ሳለች፣ አቶ ዘካርያስ ሲታጠቡ ወደቁ። ድምፃቸውን ሰምተው የደረሱት ጎረቤቶች ናቸው። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኝተው አረፉ።

ማናሴ ለቅሶ ሄደ። ልዩ ድንኳኑ ውስጥ ስታየው ተነሥታ ወደ ጓሮ ወሰደችው።

«ብረቱ ቢኖር ይተርፍ ነበር?»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀናቸው ደርሶ ነው ሲላት ነው የዋለው። እሱም እንደዚያ ቢል ማንም አይፈርድበትም።

«ይይዙት ነበር» አለ። «ከዚያ በፊትም ሁለቴ ወድቀው ነበር። አትንገራት ስላሉኝ ዝም አልኩ። ግድግዳውንም አንቺ ሳታውቂ መሙላት እችል ነበር። አልሞላሁትም።»

«ሁለቴ?» አለች። «ጠዋት ጠዋት እኮ ውሃውን አሙቄለት ነው የምሄደው። ለምን አልነገረኝም?»

«ሥራሽንም ትዳርሽንም ትተሽ እሳቸው አጠገብ እንዳትቀሪ ፈርተው ይሆናል።»

ልዩ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ትጮሃለች ብሎ ሲጠብቅ፣ «ሂድ» አለችው በቀስታ። «ሂድ በቃ።»

ሄደ። ነገር ግን በማግስቱ ተመልሶ ከዳር ተቀመጠ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። አላባረረችውም፣ አላናገረችውምም። ድንኳኑ ሲነሣ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ የዕድሩን አግዳሚ ወንበሮች ተሸክሞ መለሰ።

በለቅሶው ምክንያት የሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ተባለ። ፋሲካ አለፈ፤ የልዩን ደጅ ያንኳኳ ሽማግሌ ግን የለም።