የታጠበው ጮጮ

ባሌ ልዑልሰገድ ሰው የጣለውን ዕቃ ያነሳል። በሰፈሩ የምንታወቀውም በዚህ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ የጉምሩክ አስተላላፊ ሆኖ ሲሠራ ከሾፌሮች ጋር ተላምዶ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ ትውውቁ ሁሉ ጋንና እንስራ ለመልቀም ጠቀመው። አንዱ ከመቂ ደውሎ «ጋሼ፣ አፉ የተሸረፈ ገንቦ አይቻለሁ» ይለዋል፤ እሱ ቁርሱን ትቶ ይነሳል። ሳሎናችን ውስጥ ስድስት ጋን አለ። ስድስት! ልጆቹ ወጥተው የቀረነው እኛ ሁለት ሰዎች ነን፤ ጠላም አንጠምቅም።

እውነቱን ለመናገር መደርደር ያውቅበታል። የሚመሳሰሉ ሁለት ዕቃዎችን ጎን ለጎን አያስቀምጥም። ጥቁሩን ማሰሮ ነጩ ግድግዳ ሥር፣ ብርሌዎቹን የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ያደርጋቸዋል። ጋኑ ውስጥ አንድ የደረቀ ሸምበቆ ጣል አድርጎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይሄድና ያያል፤ ከዚያ ተመልሶ ሸምበቆውን ትንሽ ያዞረዋል። የፕላስቲክ አበባ ያስገባሁበት ቀን ግማሽ ቀን አኩርፎኛል። ጎረቤት ልጁን ሲድር ከኛ ቤት ተውሶ ነው አዳራሹን የሚያስጌጠው። ያየ ሁሉ ያደንቃል፤ አቧራውን የምወለውለው ግን እኔ ነኝ።

አንድ ሕግ አለው። ዕቃውን እንዳገኘው ያኖራል። ጥላሸቱን አይፍቅም፣ ስንጥቁን አይለስንም፣ ቫርኒሽ አይቀባም። «ሰው የተጠቀመበት መሆኑ ካልታየ ምኑ አሮጌ ሆነ?» ይላል። እንግዳ ሲመጣ ደረቱን ነፍቶ «ምንም አልነካሁትም» ማለት ይወዳል።

ጮጮውን ያመጣው ከአርሲ ነገሌ ገበያ ነው። ጮጮ የወተት ዕቃ ነው፤ ይሄኛው ከቀጫጭን የዛፍ ሥሮች የተሰፋ፣ የቆዳ ማንገቻ ያለው፣ ክዳኑ በዛጎል ያጌጠ ነበር። ልዑልሰገድ ከቴሌቪዥኑ በላይ ለብቻው ሰቀለው። ያምራል፣ አልክድም። ግን ይሸታል። የጭስና የቆየ ወተት ሽታ ሳሎኑን ሞላው። ለእሱ ምን ቸገረው? ኮሮና ከያዘው ወዲህ አፍንጫው አይሠራም፤ ሽንኩርት ሲያርር እንኳ የምነግረው እኔ ነኝ።

እኔ ናዝሬት ተወልጄ፣ ወተት ከሱቅ እየተገዛልኝ ያደግሁ ሰው ነኝ። ስለ ወተት ዕቃ የማውቀው እንደሚታጠብ ብቻ ነው። በመጋቢት የማኅበር ተራዬ ደረሰ፤ ሴቶቹ ገብተው አፍንጫቸውን ሲይዙ ታየኝ። ልዑልሰገድ አንድ ሰው ዕቃ አሳይሃለሁ ብሎት ቆቃ ሊያድር ሄዷል። ጮጮውን አወረድኩና ሙቅ ውሃና ኦሞ ሞላሁበት። ጥቁር ውሃ ወጣ። ደገምኩት። አሁንም ሲጠቁርብኝ እልህ ያዘኝና በረኪና ጨምሬ አሳደርኩት። በማግስቱ የወጣው ውሃ ንጹህ ነበር። ፀሐይ ላይ አድርቄ ወደ ቦታው መለስኩት። ውስጡ ነጣ ብሏል፤ ክዳኑ ስላለ ግን አይታይም። ባሌ ሲመጣ አላወቀም፤ እኔም «ምንም አልነካሁትም» የምትለዋን ንግግሩን ላበላሽበት አልፈለግሁም። እንዲያውም ራሴን ጎበዝ ብዬ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ዕለት፣ አንዲት ሴት በራችንን አንኳኳች። ቦንቱ ትባላለች፤ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ረጅም፣ ሻሿን አጥብቃ ያሰረች። በጠዋቱ መኪና ከአርሲ ነገሌ መምጣቷ ነው። ልዑልሰገድ ዕቃ በገዛ ቁጥር ስልክ ቁጥሩን ለሻጩ ይተዋል፤ በዚያው ቁጥር ደውላ ቤታችንን ጠይቃ ደረሰች።

«አካም ጅርቱ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም እያለች ገባች። ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ጉዳይዋን ነገረችን። እሷ ለዓይን ሕክምና ሻሸመኔ ስትሰነብት ወንድሟ ጮጮውን አሮጌ ዕቃ መስሎት ሸጦታል። የሠራችው እናቷ ናት።

«እኔ ስዳር እናቴ በዚህ ወተት ሞልታ ሸኘችኝ» አለች። «አማቴ መጀመሪያ የጠጣችው ከዚህ ነው። አሁን ልጄ ሆራ እሁድ ትዳራለች። በእኛ ቤት እናት በራሷ ጮጮ ወተት ሞልታ ነው ልጇን የምታወጣ። ያለሱ እንዴት አድርጌ ላውጣት?»

ሳትጨርስ ልዑልሰገድ ወንበር ላይ ወጥቶ እያወረደው ነበር። «እህቴ፣ የራስሽን ዕቃ ነው የምትወስጂው» አላት። «ደግሞ ምንም አልነካሁትም፤ እንዳመጣሁት ነው።»

ቦንቱ ክዳኑን ከፍታ አፍንጫዋን አስገባች። ቆየች። ከዚያ ውስጡን በጣቷ ዳሰሰችና ጣቷንም አሸተተች።

«ይሄ ታጥቧል» አለች።

«ኧረ በፍጹም!»

«በሳሙና ታጥቧል። በረኪናም አለው።» ድምጿን አላነሳችም። «እናቴ ሠላሳ ዓመት በወይራ አጠነችው። እኔም ሠላሳ ዓመት። ጮጮ እኮ ወተት የሚይዘው ሲታጠን ነው። አሁን ብሞላበት ሙሽራው ቤት ሳይደርስ ይበላሻል። እሁድ ምን ላድርግ?»

«በልጆቼ እምላለሁ፣ እኔ…»

«አይማሉ» አለችው። «ትልቅ ሰው ነዎት። ውሸት አያምርብዎትም።»

ልዑልሰገድ ፊቱ ቀላ። ወደ እኔ ዞረና «ተሹ፣ ንገሪያት እንጂ! ነክቼው አውቃለሁ?» አለኝ። አፌን ከፈትኩ።

«ሻይ ላፍላ?» አልኩ።

ቦንቱ ሻይ አልፈለገችም። ጮጮውን በነጠላዋ ጠቅልላ ሄደች።

ባሌ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ወደ አፍንጫው ያስጠጋል፤ ምንም አይሸተውም፤ ይመልሳቸዋል። ረቡዕ ዕለት «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለኝ። «ስገዛው ታጥቦ ይሆናል፤ ወይም ሳላውቅ የሆነ ነገር አስነክቼዋለሁ። ማሽተት የማይችል ሰው የሰው ዕቃ ምን ብሎ ይይዛል?» እዚያው ተቀምጦ ዘካርያስ ጋ ደወለ። ዘካርያስ እዚሁ አዳማ አዲስ ሆቴል የሠራ ሰው ነው፤ ዕቃዎቹን ለእንግዳ መቀበያው እንዲሰጠው ሁለት ዓመት ለምኖታል። ቅዳሜ መኪና ልኮ ሊወስድ ተስማሙ። ሁሉንም።

እዚህ ላይ አልዋሽም፤ ደስ አለኝ። ጋኖቹ ሲወጡ ሶፋውን በየት በኩል እንደማዞረው ማሰብ ጀመርኩ። አዲስ መጋረጃ ሁሉ አማረኝ። ሦስት ቀን ዝም ብል፣ ስንት ዓመት የተነጫነጭኩበት ቤት ሊለቀቅልኝ ነው። እሱ ምሳውን ነካክቶ ሲተወው «እርጅና ነው» እያልኩ ራሴን አታልል ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ጫኞች መጥተው ጋኖቹን በካርቶንና በብርድ ልብስ መጠቅለል ጀመሩ። ልዑልሰገድ አጠገባቸው ቆሞ «ቀስ፣ ከሥሩ ያዘው» ይላል። መሃል ላይ አንዲት ትንሽ ገንቦ ይዞ ወደ ጓዳ መጣ፤ አንገቷ ቀጠን፣ ሆዷ ድብልብል ያለ።

«ይቺን ለአንቺ አስቀርቻታለሁ» አለኝ። «የፈለግሽውን አበባ አድርጊባት። የፕላስቲክም ቢሆን።»

እንባዬ መጣ። እጄ ላይ የነበረውን ፎጣ አስቀመጥኩ።

«ጮጮውን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

ገንቦዋን እንደያዘ ቆመ። «መቼ?»

«ቆቃ ያደርክ ጊዜ።»

«ሴትየዋ ውሸታም ስትለኝ እዚያው ቆመሽ ነበር።»

«ቆሜ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«መጀመሪያ አፈርኩ» አልኩት። «በኋላ ግን… ዕቃዎቹ እንዲወጡልኝ ነው።»

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸም። ወጥቶ ጫኞቹን ይቅርታ ጠየቃቸው፣ ዘካርያስ ጋ ደውሎ ሐሳቡን መቀየሩን ነገረው። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ «ሰርጉ ነገ ነው። የምትነግሪያት ግን አንቺ ነሽ» አለኝ።

እሁድ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድን። እሱ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ። ነገሌ ስንደርስ የሰርጉን ቤት እየጠየቅን አገኘነው።

የቦንቱ ግቢ ድንኳን ተጥሎበት ሴቶች ሽር ጉድ ይላሉ። እሷ ጥግ ላይ ጮጮውን በሚጨስ ወይራ ላይ ደፍታ ተቀምጣለች። ስታየን አልተነሳችም። ፊት ለፊቷ ቆምኩና ሁሉም እየሰማ «ያጠብኩት እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም፤ አፍንጫውም አይሠራም። በዚያን ቀን መናገር ነበረብኝ፤ ዋሸሁ» አልኩ። ቦንቱ ለሴቶቹ በኦሮምኛ ነገረቻቸው። ስለዚህ ጥፋቴ በሁለት ቋንቋ ተሰማ፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ተነስታ ወደ ልዑልሰገድ ሄደች፤ ጎንበስ ብላ «የማይገባ ቃል ተናግሬዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለችው። እኔን ይቅርም አላለችኝ፣ አልረገመችኝም። የወይራውን ፍልጥ አቀበለችኝና «አጥኚ» አለችኝ፤ ለባሌ የሰጠችውን አንቱታ ለእኔ አልሰጠችኝም።

ቁጭ ብዬ አጠንኩ። ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ። በየጊዜው እየመጣች ጮጮውን ታነሳለች፣ ታሸታለች፣ «ገና» ትላለች። ፍልጥ እጨምራለሁ። ትመጣለች። «ገና።» ስድስት ሰዓት ላይ ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ደረሰ። ሆራ ወጣች፤ እንዴት ያለች ቆንጆ ልጅ! እናቷ በወተት የሞላ ጮጮ ሰጠቻት፤ ከጎረቤት የተዋሱት ነው። ቦንቱ ስትሰጣት የልጇን ፊት አላየችም፤ የሰውን ዕቃ ነበር የምታየው።

መኪናዎቹ ከሄዱ በኋላ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጮጮውን አንስታ አሸተተች።

«ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?» አልኳት።

«ለሆራ አልደረሰም» አለችኝ። «በየወሩ ከታጠነ ለሆራ ልጅ ይደርሳል። መምጣት ትችያለሽ?»

ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። እመጣለሁ አልኳት።